ሰዓቱን ለርቀቱ ስናካፍለው

ነሐሴ 1 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ። አሊስቴር ብራውንሊ የተባለው የ24 ዓመት እንግሊዛዊ የኦሊምፒኩን የወንዶች ትሪያትሎን እየመራ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ ባንዲራ ተቀበለ፤ ሩጫውን ገታ፤ ሰንደቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእርምጃ ገባ። ስፔናዊው ኻቪየር ጎሜዝ በ11 ሰከንድ፣ ታናሽ ወንድሙ ጆናታን ብራውንሊ ደግሞ በ31 ሰከንድ ተከተሉት።

በውጤት መዝገቡ ላይ ከአሸናፊው ስም አጠገብ የተቀመጠው አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ አምስት ቁጥሮች ተደርድረው ነው ስድስተኛው የሚመጣው። ዋና 17፡04። ከዋና ወደ ብስክሌት ሽግግር 0፡39። ብስክሌት 59፡08። ከብስክሌት ወደ ሩጫ ሽግግር 0፡27። ሩጫ 29፡07። ሲደመሩ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ። በዚህ ምዕራፍ እነዚህን አምስት ቁጥሮች አንድ በአንድ እንፈታቸዋለን። የሌላ ውድድር ውጤት፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ የሚነበበው በዚሁ መንገድ ነው።

በሩጫ ያደገ አንባቢ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው 29፡07 ላይ ነው፤ የእኔም እዚያው ነው ያረፈው። ምክንያቱም ከሦስት ቀን በፊት፣ ሐምሌ 28 ማታ፣ እዚያው ከተማ በኦሊምፒክ ስታዲየም የ10,000 ሜትሩን ፍጻሜ አይተናል። ሞ ፋራ 27፡30.42 ገብቶ ወርቁን ወሰደ፤ ታሪኩ በቀለ በ27፡31.43 ነሐሱን አገኘ፤ ቀነኒሳ በቀለ በ27፡32.44 አራተኛ ሆነ። እንግዲህ አንድ ሰው 1,500 ሜትር ዋኝቶ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ብስክሌት ጋልቦ፣ ከዚያ ጫማ ቀይሮ የሮጠው 10 ኪሎ ሜትር ከቀነኒሳ ሰዓት በ1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ብቻ የዘገየ ነው። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በእርምጃ መሄዱም እዚያው ሰዓት ውስጥ ተቆጥሮ ነው።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው ትንሽ? ስታዲየም ውስጥ ያደግን ሰዎች የምንለካው በዙር ነው። አሥር ሺህ 25 ዙር ነው። የቀነኒሳ ሰዓት ለ25 ሲካፈል በዙር 66.1 ሰከንድ ይወጣል። የብራውንሊ በተመሳሳይ ሲካፈል 69.9 ይሆናል። ሃይድ ፓርክ መጠምዘዣ ያለው መንገድ እንጂ የመሮጫ ትራክ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች ማወዳደሪያ አድርጌ አላቀርበውም። ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ በየዙሩ ከ4 ሰከንድ በታች ነው። «1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ» ሲባል የማይታየው ነገር «በዙር 4 ሰከንድ» ሲባል ፊት ለፊት ይታያል። ፔስ የምንለው ይህንን ነው፤ ጠቅላላውን ሰዓት ሰውነት ወደሚሰማው ቁራሽ መቁረጥ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ ሳይሆን ሰዓትን እንደ ተራ ቁጥር ማንበቡ ላይ ነው። አንድ ሯጭ 10 ኪሎ ሜትር በ47 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሮጠ እንበል። ስልኩን አውጥቶ 47.30 ለ10 ያካፍላል፤ 4.73 ይወጣል። «4 ደቂቃ ከ73 ሰከንድ» የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ግራ ይጋባል። ሌላው ብልህ ነኝ ብሎ 47 ደቂቃ ተኩልን 47.5 ያደርግና 4.75 ያገኛል። ይሄኛው ስሌት ትክክል ነው፤ ግን 4.75 ማለት 4 ደቂቃ ከሦስት ሩብ እንጂ 4 ደቂቃ ከ75 ሰከንድ አይደለም። ሦስት ሩብ ደቂቃ 45 ሰከንድ ነው፤ ፔሱ በኪሎ ሜትር 4፡45 ነው።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ሰከንድ ማውረድ። 47 በ60 ሲባዛ 2,820፤ 30 ሲጨመር 2,850። ለ10 ሲካፈል 285 ሰከንድ። ከዚያ ወደ ላይ መመለስ፤ በ285 ውስጥ 60 አራት ጊዜ አለ፣ 45 ይተርፋል። ይኸው 4፡45። የብራውንሊም እንዲሁ ነው፤ 29 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ 1,747 ሰከንድ ነው፤ ለ10 ሲካፈል 174.7፤ ማለትም በኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገደማ።

በ60 መቁጠር ለእኛ ባዕድ መሆን አልነበረበትም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን ለ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን ለ60 ካልዒት እየከፈሉ፣ ከዚያም በታች ወደ ሣልሲትና ራብዒት እየወረዱ የበዓላትን ቀን ሲያሰሉ ኖረዋል። 60 ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከ60 በታች ያለው ባለበት ይቀራል። የሩጫ ፔስ ስሌትም ከዚህ የተለየ ሥርዓት የለውም። ችግሩ የስልካችን ካልኩሌተር በ10 ብቻ መቁጠሩ ነው።

ትሪያትሎንን ከሌላው ስፖርት የሚለየው ደግሞ ሦስቱ ክፍሎቹ ፍጥነትን በሦስት ቋንቋ መናገራቸው ነው። ሯጭ «በኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ?» ይላል። ዋናተኛ «በመቶ ሜትር ስንት?» ይላል፤ የገንዳው ግድግዳ በየ50 ወይም በየ25 ሜትሩ ስለሚጠብቀው መቶ ሜትር በእጁ የሚነካው ልክ ነው። ብስክሌተኛው ግን ገልብጦ «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር?» ይላል። የፊተኞቹ ሁለቱ ሰዓትን ለርቀት ያካፍላሉ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥሩ ነው። ብስክሌተኛው ርቀትን ለሰዓት ያካፍላል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጥሩ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የፈለገ 60ን ማካፈል ይበቃዋል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ፔሱ 60 ለ12፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ነው። በሰዓት 15 የሚሮጥ 4 ደቂቃ።

የብራውንሊን ዋና ቶሎ እንለፈው። 17፡04 ማለት 1,024 ሰከንድ ነው። በ1,500 ሜትር ውስጥ 15 መቶዎች አሉ። 1,024 ለ15 ሲካፈል 68.3፤ በመቶ ሜትር 1 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ። ይህ በሰርፐንታይን ሐይቅ፣ ግድግዳ በሌለበት ውኃ፣ በሰው ክርንና እግር መካከል የተዋኘ ነው።

ብስክሌቱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። የኦሊምፒክ ትሪያትሎን ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ብትጠይቁ ማንም የሚመልስላችሁ አንድ ዓይነት ነው፤ 1.5 ዋና፣ 40 ብስክሌት፣ 10 ሩጫ። ስፖርቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ የተያዘው ልክ ይህ ነው። ስለዚህ 59፡08ን ወስደን፣ 3,548 ሰከንድ አድርገን፣ 40 ኪሎ ሜትርን ብናካፍልበት በሰዓት 40.6 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ንጹሕ ስሌት ነው። መልሱ ግን ስሕተት ነው።

ስሕተቱ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። የለንደኑ የብስክሌት ጎዳና ሰባት ዙር ሲሆን አንዱ ዙር 6.137 ኪሎ ሜትር ነበር። ሰባቱ ሲደመሩ 42.959 ይመጣሉ፤ 40 አይደሉም። በዚህ ርቀት ስናሰላው ፍጥነቱ በሰዓት 43.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአንዲት የተዘነጋች የርቀት ልዩነት ምክንያት አንድን የኦሊምፒክ ሻምፒዮን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር አዝግመነው ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ይኸው ሰው እንደገና አሸነፈ፤ 1፡45፡01። ለንደን ከገባበት ሰዓት በ1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ የተሻለ ነው። ሻምፒዮኑ በ28 ዓመቱ ፈጠነ እንበል? የሪዮ ብስክሌት ስምንት ዙር፣ እያንዳንዱ 4.81 ኪሎ ሜትር ነበር፤ 38.48 ብቻ። ከለንደኑ በ4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል። ይህን ርቀት በለንደኑ ፍጥነት ለመጋለብ ከ6 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በሌላ በኩል የሪዮ ጎዳና ዳገት ነበረበት። ታዲያ የቱ ይበልጣል? ሁለቱን ጠቅላላ ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መልስ የሚሰጥ ሰው ካለ የሚያወዳድረው ሰውየውን ሳይሆን ጎዳናዎቹን ነው። በዚህ ስፖርት «ምርጥ ሰዓቴ» የሚለው ቃል በስታዲየም ሩጫ ያለውን ክብደት ፈጽሞ አያገኝም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ያለው 400 ሜትር ብራስልስም ያው 400 ሜትር ነው፤ ትሪያትሎን ግን እንደ ከተማው ይለካል። ከማንኛውም ስሌት በፊት አዘጋጆቹ ያወጡትን የጎዳና ካርታ ፈልጉ። በስሙ ሳይሆን በተለካው አካፍሉ።

ስለ ብስክሌቱ ሌላም የሚነሳ አለ። በኦሊምፒክ ትሪያትሎን ከፊት ካለው ጎማ ተጠግቶ መጋለብ ይፈቀዳል፤ የፊተኛው ነፋሱን ይሰብርለታል፣ የኋለኛው ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ 43.6 የብራውንሊ ብቻ ሳይሆን አብሮት የነበረው ቡድን ፍጥነት ነው። አይረንማን በሚባለው ረጅም ትሪያትሎን ይህ ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል። ሁለቱን ፍጥነቶች በአንድ ሚዛን መስፈር ፍትሐዊ አይደለም።

አይረንማንን ካነሳን የርቀቱን አመጣጥ እንይ፤ ስሌቱን የሚያስቸግረው እሱ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኑ ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ሦስት ነባር ውድድሮችን በአንድ ቀን አያያዙ። የዋይኪኪው ዋና 2.4 ማይል ነበር፤ ደሴቱን የሚዞረው የብስክሌት ጉዞ ከሌሎቹ ጋር እንዲገጣጠም ተብሎ 112 ማይል ሆነ፤ መጨረሻው የሆኖሉሉ ማራቶን። ዋናተኛ ይበልጣል ወይስ ሯጭ ለሚለው ክርክር መልስ ይሆናል ተብሎ ነው። 15 ሰዎች ጀመሩ፣ 12 ጨረሱ፤ ጎርደን ሃለር በ11፡46፡58 አሸነፈ። ርቀቶቹ በኪሎ ሜትር 3.86፣ 180.2 እና 42.2 መሆናቸው ከዚያ የመጣ ነው። ማንም በሜትር አስቦ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ቁጥር አይመርጥም ነበር። ብዙ ቦታ ዋናው «3.8» ተብሎ ይጻፋል፤ የተጣሉት 60 ሜትሮች ለመካከለኛ ዋናተኛ ከአንድ ደቂቃ በላይ ናቸው።

የሃለርን ርቀት በሙሉ ደምረን ለሰዓቱ ብናካፍለው በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን በዚህ ፍጥነት የዋኘ፣ የጋለበ ወይም የሮጠ ማንም የለም። የሦስት ስፖርት አማካይ የየትኛውም ስፖርት ፍጥነት አይደለም። ለዚህ ነው መዝገቡ ክፍል በክፍል የሚጻፈው።

ሽግግሮቹም ለብቻቸው የተጻፉት በምክንያት ነው። ብራውንሊ ሁለቱን በ66 ሰከንድ ጨረሳቸው። ለሥራው ሲል ማለዳ ተነሥቶ የሚለማመድ ሰው ልብስ ሲያወልቅ፣ ካልሲ ሲፈልግ፣ ብስክሌቱን ከመቶዎች መካከል ሲለይ አሥር ደቂቃ ሊሄድበት ይችላል። ያን ደቂቃ ወደ ሩጫው ሰዓት ከጨመረው ራሱን ያለ ጥፋቱ ዘገምተኛ ያደርጋል። በለንደን የጆናታን ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከዋና ወጥቶ ብስክሌቱ ላይ ከተፈቀደው መስመር ቀድሞ በመውጣቱ 15 ሰከንድ ተቀጣ፤ ቅጣቱን የፈጸመው በሩጫው መሐል ቆሞ ነው። እነዚያ 15 ሰከንዶች በሩጫ ሰዓቱ ውስጥ አሉ። ለ10 ኪሎ ሜትር ሲካፈሉ በኪሎ ሜትር 1.5 ሰከንድ ናቸው፤ እግሩ ያልዘገየውን መዝገቡ አዘግይቶታል። ያለ ቅጣቱም ከጎሜዝ የለየው 20 ሰከንድ ስለነበር ደረጃው ባልተለወጠ። የሩጫውን ፔስ የሚያሰላ ሰው ግን ይህን ካላወቀ ሌላ ሰው ነው የሚያነብበው።

እስካሁን ከሰዓት ወደ ፔስ ነበር የሄድነው። አሁን እንገልብጠው፤ ከታሰበ ሰዓት ወደ ዕቅድ። አይረንማንን በ12 ሰዓት ለመጨረስ የምትዘጋጅ አንዲት ሴት እናስብ። ዋናውን በ1፡20፣ የመጀመሪያውን ሽግግር በ8 ደቂቃ፣ ብስክሌቱን በ6 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ሽግግር በ5 ደቂቃ ልትጨርስ አስባለች። ሲደመር 7፡33። ለማራቶኑ 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይቀራታል። 16,020 ሰከንድ ለ42.195 ሲካፈል 379.7 ነው፤ በኪሎ ሜትር 6፡20 ገደማ። ዋናው ደግሞ 4,800 ሰከንድ ለ38.6 መቶዎች፣ በመቶ ሜትር 2፡04። ብስክሌቱ በሰዓት 30።

ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ ሰው ቀጥ ብሎ አይዋኝም፤ ምልክቱን እየፈለገ ግራ ቀኝ ይላል። የእጅ ሰዓቷ በመጨረሻ 4,050 ሜትር ቢላት ፔሷን 1፡59 ብሎ ያሞግሳታል። ያ የክንዷ ፍጥነት ነው፤ የውድድሯ ግን 2፡04 ነው። ለዕቅድ የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው። በዚያ ላይ ክንድ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰዓቱ ሳተላይቱን ያጣዋል፤ የሚሰጠው ርቀት ራሱ ግምት ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ብስክሌቱ ላይ ነው። የአይረንማን የዓለም ሻምፒዮና መታወቂያ በሆነው በሃዋይ የኮና ጎዳና፣ ወደ ሃዊ ከተማ ወጥቶ በሚመለሰው መንገድ፣ ነፋስ የሁሉም መነጋገሪያ ነው። ይህች ሴት የመጀመሪያውን 90 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከኋላ እየገፋት በ36፣ የቀረውን 90 ነፋሱን ተጋፍጣ በ24 ጋለበች እንበል። 36 እና 24 ተደምሮ ለሁለት 30 ነው፤ ዕቅዷ የተሟላ ይመስላል። ሰዓቱን ግን ቁጠሩት። የመጀመሪያው ግማሽ 2፡30፣ ሁለተኛው 3፡45፤ ድምሩ 6፡15። አማካዩ 28.8 ነው። በዝግታ የሄደችበት መንገድ ብዙ ሰዓት ስለበላ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትታል። ዳገትና ቁልቁለትም እንዲሁ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 10፣ ያንኑ ቁልቁል በሰዓት 30 የወረደ ሰው አማካዩ 15 እንጂ 20 አይሆንም። ቁልቁለት የዳገትን ዕዳ አይከፍልም። ፍጥነትን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚቻለው ሰዓቱ እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ርቀቱ እኩል ሲሆን አይሆንም።

ያ የጠፋው 15 ደቂቃ ከየት ይመጣል? ከማራቶኑ። 4፡27 የነበረው 4፡12 ይሆናል፤ 6፡20 የነበረው ፔስ 5፡58። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 21 ሰከንድ ገደማ መፍጠን፣ 42 ጊዜ፣ ከስድስት ሰዓት ግልቢያ በኋላ። ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ስሌቱን ቀድማ ያየች ሴት ግን ነፋሱን ቆጥራ ሌላ ዕቅድ ታወጣለች፤ ወይም 12 ሰዓቱን ለሌላ ጎዳና ታቆየዋለች።

የመጨረሻው ጉዳይ ማጠጋጋት ነው። ሐምሌ 28 ቀን ሃይድ ፓርክ ላይ የሴቶቹን ውድድር ስዊዘርላንዳዊቷ ኒኮላ ስፒሪግና ስዊድናዊቷ ሊሳ ኖርደን በ1፡59፡48 እኩል ጨረሱ፤ የለያቸው የመጨረሻው መስመር ፎቶ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ፔስ የሚናገረው ነገር የለውም። ለተራው ተወዳዳሪ ግን በማራቶን በኪሎ ሜትር 5 ሰከንድ አጠጋግቶ መተው 3 ደቂቃ ተኩል ነው።

ወደ 6፡20 እንመለስ። ትክክለኛው መልስ 379.7 ሰከንድ ነበር፤ ወደ 380 አሳደግነው። 380 በ42.195 ሲባዛ 16,034 ይመጣል፤ 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ። ሌላው ሁሉ እንደታቀደው ቢሆን እንኳ ይህች ሴት በ12፡00፡14 ነው የምትገባው። ፔስ ሲጠጋጋ ወደ ታች ነው መውረድ ያለበት። ክንዷ ላይ በማይለቅ ቀለም የሚጻፈው 6፡19 ነው፤ በየ5 ኪሎ ሜትሩ 31፡35። 28 ሰከንድ ይተርፋታል፤ አንድ የውኃ ጠረጴዛ ጋ ቆማ ለመጠጣት ይበቃታል።